ከሰላምታ መሀል የተነገረው ማስጠንቀቂያ

የምስክርነት ቃል መቀበያ

ምስክር፦ ሦስተኛ (ሙሉ ስም በመዝገቡ ሽፋን ላይ ሰፍሯል)
ፆታ፦ ሴት
ዕድሜ፦ 48
ሥራ፦ ጠበቃ
አድራሻ፦ ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት፣ ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ያለው ፎቅ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ማክሰኞ፣ ኅዳር 9
ቦታ፦ ወንጀል ምርመራ ክፍል፣ ቢሮ ቁጥር 4
የተጀመረበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 3 ሰዓት
ጉዳዩ፦ በጠርሙስ ፋብሪካው የምድጃ ሠራተኛ ሞት ምክንያት የተከፈተ የምርመራ መዝገብ

እኔ ዕድሜዬና አድራሻዬ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር፣ በመርማሪው ተጠርቼ ቀርቤ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

የተጠራሁት አንድ ነገር እንዳረጋግጥ ነው። የጠርሙስ ፋብሪካው የጥቅማ ጥቅም ክፍል ኃላፊ የነበሩትና ከቅዳሜ ጀምሮ በዚህ ጣቢያ በቁጥጥር ሥር ያሉት ተጠርጣሪ፣ ጥፋታቸውን ለእኔ አምነዋል ተብሏል። ይህን አረጋግጬ ከሄድኩ ዛሬ ከሰዓት በ8 ሰዓት ፍርድ ቤት ሲቀርቡ የእኔ ቃል አብሮ ይቀርብባቸዋል። ሠራተኛው ተጠርጣሪውን «አባ ማህተም» ይላቸዋል። ራሳቸውም ስልክ ሲያነሱ «አባ ማህተም ነኝ» ስለሚሉ እኔም በዚሁ እጠራቸዋለሁ።

ሥራዬ ጥብቅና ነው። ጡረታ፣ የሕክምና ሽፋን፣ የሕመም ፈቃድ፣ የሥራ ላይ ጉዳት፣ በጠቅላላው ሠራተኛ ከደመወዙ ሌላ የሚያገኘው ነገር ሁሉ የእኔ ዘርፍ ነው። ጠበቃ ከመሆኔ በፊት በሠራተኞች ጥቅም ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለብዙ ዓመታት መርማሪ ነበርኩ። መታወቂያ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ከፋብሪካ ፋብሪካ እየዞርኩ፣ ሠራተኛ ምን እንደተከለከለ እጠይቅ ነበር። ከስምንት ዓመት ወዲህ ደግሞ በአንድ የግል የጥብቅና ቢሮ ተቀጥሬ፣ ያው መሥሪያ ቤት የሚመረምራቸውን ድርጅቶች ለምርመራ አዘጋጃለሁ። መንግሥትን የለቀቅኩት ደመወዙ ስላልበቃኝ ነው። ሌላ ምክንያት ለራሴም ፈልጌ አላገኘሁም። ባለቤቴ የፊዚክስ መምህር ነው። በለቀቅኩ ሰሞን «ድሮ ቀበሮ ታሳድጂ ነበር፣ አሁን ለቀበሮ ጉድጓድ ትቆፍሪ ጀመር» ብሎኝ ሁለታችንም ስቀናል።

ድርጅት ምርመራ ሲመጣበት መጀመሪያ የምናደርገው ሠራተኞቹን አንድ በአንድ ጠርቶ ማነጋገር ነው። ከዚያ በፊት ግን ማስጠንቀቂያ የመንገር ግዴታ አለብን። ጠበቃው የድርጅቱ እንጂ የሠራተኛው አይደለም። የሚነገረው ነገር ምስጢርነቱ ለድርጅቱ ነው፤ ድርጅቱ ከፈለገ ለመንግሥት አሳልፎ ይሰጠዋል። ሠራተኛው ከፈለገ የራሱን ጠበቃ ይዞ መምጣት ይችላል። ይህን በደንብ የሰማ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አፉን ይዘጋል። ስለዚህ በቢሯችን አንድ አሠራር አለ። የቢሮውን ባለቤት እኛ ተቀጣሪዎቹ ከጀርባቸው «ቀስ በሉ» እንላቸዋለን፤ ቀኑን ሙሉ ከአፋቸው የማይጠፋ ቃል ስለሆነ ነው። አሠራሩን ሥራ በጀመርኩበት ሳምንት ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ማስጠንቀቂያው ከሰላምታው መሀል ይገባል። ሰውዬው ተቀምጦ፣ ሻይ እየተቀዳለት፣ ከ«ልጆችስ?» በኋላና ከ«ወገብዎስ ተሻለዎት?» በፊት ይነገራል። ሰው ሰላምታ ሲመልስ «ደህና፣ ደህና» እያለ ነው፤ ማስጠንቀቂያውንም በዚያው «ደህና» ያሳልፈዋል። «መነገር አለበት እንጂ መሰማቱ የኛ ዕዳ አይደለም» ይላሉ «ቀስ በሉ»። ይህን አሠራር በቢሮው ከእኔ የተሻለ የሚችልበት የለም። ሰላምታ ስለማውቅበት ነው።

የጠርሙስ ፋብሪካው ደንበኛችን የሆነው በመስከረም ወር ነው። በፋብሪካው ደንብ መሠረት ከመቅለጫው ምድጃ ፊት የሚሠራ ሰው ሳንባው በየዓመቱ ይመረመራል፤ ከታመመም በሠራተኞች የሕክምና ፈንድ ሽፋን ወደ ትልቅ ሆስፒታል ይላካል። የማሸጊያ ክፍል ሠራተኛ ግን ያለው የፋብሪካው ክሊኒክ ብቻ ነው። በነሐሴ ወር አንድ የምድጃ ሠራተኛ በሳንባ ሕመም ሞተ። ሚስቱ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አቤት አለች። ባሏ ዕድሜውን ሙሉ እሳት ፊት ቆሞ ሳለ፣ ሲሞት በፋብሪካው መዝገብ የማሸጊያ ሠራተኛ ሆኖ ተገኝቷል። ምርመራው የተጀመረው በዚህ ነው።

በጥቅምት መጀመሪያ የማነጋግራቸው ሰዎች ስም ሲሰጠኝ አባ ማህተምን አየሁ። አውቃቸዋለሁ። ከብዙ ዓመት በፊት፣ የመንግሥት መርማሪ ሳለሁ፣ በአንድ የጫማ ፋብሪካ የደመወዝ ጸሐፊ ነበሩ። እርጉዝ ሠራተኞች ፈቃድ ሲጠይቁ ከሥራ እንደሚሰናበቱ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። እኔም ስማቸው እንደማይወጣ ቃል ሰጥቻቸው ነበር፤ ቃሌንም ጠብቄያለሁ። ይህን ለ«ቀስ በሉ» ነገርኳቸው። ሌላ ጠበቃ ይላካል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን «ታዲያ ምን ትፈልጊያለሽ? ሰላምታው ይረዝምልሻል» አሉኝ።

ያነጋገርኳቸው በፋብሪካው ከጠርሙስ መለያው በላይ ባለች ትንሽ የስብሰባ ክፍል ውስጥ ነው። ከሥር ጠርሙስ ከጠርሙስ ሲጋጭ ስለሚሰማ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው የሚናገርባት። አባ ማህተም በሩን ከፍተው ሲያዩኝ ሁለት እጃቸውን ዘረጉልኝ። «ልጄ፣ አንቺ ነሽ እንዴ? መንግሥት ይመጣል ሲሉን እኮ ሌላ ሰው ነበር የጠበቅኩት» አሉኝ። እንዲቀመጡ ወንበር ሳብኩላቸው። ስለ ባለቤታቸው ዓይን ጠየቅኩ፤ አንደኛው በቀዶ ሕክምና ድኗል አሉኝ። ስለ ልጃቸው ጠየቅኩ፤ ነርስ ሆናለች። ሻይ ቀዳሁ። ከዚያ በዚያው ድምፅ፣ እኔ የድርጅቱ ጠበቃ መሆኔን፣ የእርሳቸው አለመሆኔን፣ የሚሉኝ ነገር የድርጅቱ እንደሆነና ድርጅቱ ከፈለገ ለመንግሥት እንደሚሰጠው፣ የራሳቸውን ጠበቃ መያዝ እንደሚችሉ ተናግሬ ይስማማሉ ወይ አልኳቸው። «እስማማለሁ፣ እስማማለሁ። ያኔም እንዲህ ያለ ነገር አንብበሽልኝ አልነበር? የሕግ ነገር መቼም አያልቅበት። አንቺ እያለሽ ምን ችግር አለ» አሉኝ። «ስኳር ስንት ላድርግልዎት?» አልኳቸው።

መርማሪው፣ ማስጠንቀቂያው ለተጠርጣሪው ገብቷቸው ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አልገባቸውም። አለመግባቱን እዚያው በወቅቱ አውቄያለሁ። አሁንም የመንግሥት መርማሪ መስያቸው ነበር። ይህን ለማረም አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር፤ ያንን ሥራ ትቻለሁ ማለት ብቻ ነው። አላልኩም። ስኳሩን አማሰልኩ።

እዚህ ላይ መርማሪው ብዕሩን አስቀመጠ። የምናገረው ነገር ከምስክርነት ወደ ተጠርጣሪነት ሊያዞረኝ እንደሚችል፣ በዚህ ማቆም መብቴ እንደሆነ ነገረኝ፤ ጠበቃ ይጠራልዎት ወይ ብሎም ጠየቀኝ። አልፈልግም፣ ይጻፉ አልኩት።

አባ ማህተም የነገሩኝ የሚከተለውን ነው። በግንቦት ወር ሥራ አስኪያጁ ደረጃ ላይ አግኝተዋቸው፣ የሕክምና ፈንዱ ገምጋሚዎች ከመምጣታቸው በፊት የምድጃ ሠራተኛው በዝቶ ፋብሪካው ለፈንዱ የሚከፍለው መዋጮ እንዳይጨምር ጥቂቶቹን ወደ ማሸጊያ ክፍል እንዲያዛውሯቸው አዘዟቸው። ዝውውሩ በወረቀት ብቻ ነው፤ ሰዎቹ ከእሳቱ ፊት አይነሡም። «ለአንድ ወር ነው፤ ከዚያ ትመልሳቸዋለህ» አሏቸው። አባ ማህተም ትእዛዙ በጽሑፍ ይሰጠኝ ሲሉ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ደረጃ ላይ አቁመህ ደብዳቤ ልታጽፈኝ ነው?» ብለው እየሳቁ ወረዱ። አባ ማህተም ሰዎቹን አዛወሩ። ወሩ አለቀ፤ የመለሳቸው የለም። በሐምሌ ሟቹ ከክሊኒኩ ሐኪም ወደ ሆስፒታል መላኪያ ወረቀት ይዞ ወደ አባ ማህተም መስኮት መጣ። ወረቀቱ የሚሠራው ማህተም ሲያርፍበት ነው። ቢያትሙበት፣ የማሸጊያ ሠራተኛ የሳንባ ሆስፒታል ምን ሊያደርግ ሄደ ይባልና ነገሩ ይወጣል። ለሥራ አስኪያጁ ደወሉ። «ትንሽ አቆየው» ተባሉ። ሟቹን የማህተም ቀለም አልቋል፣ እስኪመጣ ታገሥ አሉት።

ሟቹ ቀልደኛ ሰው ነበር። ከፈረቃ ሲወጣ መስኮቱን ያንኳኳና «አባ ማህተም፣ ቀለሙ በእግሩ ነው እንዴ የሚመጣው?» ይላቸዋል። እሳቸውም «ዳገት ላይ ነው፣ ደክሞት ተቀምጦ ይሆናል» ይሉታል። ሁለቱም ይስቃሉ። ሟቹ ሲስቅ ሳሉ ይነሣበታል። አንድ ቀን ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር አንድ ጠርሙስ ቀለም ገዝቶ መጣና በመስኮቱ አሾልኮ አስቀመጠላቸው። «ደክሞታል ስትለኝ ልሸከመው ብዬ ነው» አላቸው። አባ ማህተም ጠርሙሱን አገላብጠው አይተው፣ «ይኼ ሰማያዊ ነው፤ የኛ ማህተም ሐምራዊ ነው» አሉት። ሟቹ እሺ ብሎ ሄደ። ከዚያ በኋላ ወደ መስኮቱ አልተመለሰም።

ይህን ሲነግሩኝ አላለቀሱም። ሻዩን እያዩ ነው የተናገሩት። ሲጨርሱ፣ «ቀለል አለኝ። ሥራ አስኪያጁን ግን ተጠንቀቂው፣ ልጄ። እንደ ጫማ ፋብሪካው ሰውዬ እንዳይመስልሽ፤ ይኼኛው ይነክሳል» አሉኝ። እጠነቀቃለሁ አልኳቸው። ይህ ቃል በመዝገቡ እንዲሰፍር እፈልጋለሁ። እስከዚያ ድረስ እሳቸው ተሳሳቱ እንጂ እኔ አልዋሸሁም ማለት እችል ነበር። እጠነቀቃለሁ ካልኩ በኋላ ግን አልችልም።

የሰማሁትን ሁሉ፣ የሥራ አስኪያጁን ትእዛዝ ጨምሬ፣ ለ«ቀስ በሉ» አቀረብኩ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ድርጅቱ ከመንግሥት ጋር ለመተባበር ወሰነ ተባለ። በሙያችን ይህ የታወቀ መንገድ ነው። ድርጅት ጥፋተኛውን ራሱ አግኝቶ ሲያስረክብ ቅጣቱ ይቀልለታል። ለመንግሥት የተሰጠው አባ ማህተም ሰዎቹን ማዛወራቸው፣ ወረቀቱን መያዛቸውና ስለ ቀለሙ መዋሸታቸው ነው። ሥራ አስኪያጁ የተነሡበት ክፍል የጠበቃ አስተያየት ነው ተብሎ ቀረ። አስተያየት አልነበረም፤ አባ ማህተም የነገሩኝ ነው። ዝም አልኩ። አባ ማህተም ከሥራ ተሰናበቱ። «ቀስ በሉ» በቢሮው ስብሰባ ላይ፣ «በዚህ ሙያ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ፤ እንዲህ ያለ ሰላምታ ግን አይቼ አላውቅም» ብለው አመሰገኑኝ። የተሰበሰበው ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

በዚያ ምሽት እራት ላይ ነገሩን ለባለቤቴ ነገርኩት። «የእርስዎ ጠበቃ አይደለሁም ብለሻቸዋል ወይስ አላልሻቸውም?» አለኝ። ብያቸዋለሁ አልኩት። «ታዲያ ለምንድነው ለሾርባው የምትነግሪው? ወደኔ ቀና በይ» አለኝ። ቀና አላልኩም። እሱም ሳህኖቹን አነሣ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ መርማሪው ቢሮዬ ደወለ። ለምስክርነት የሚጠራኝ መስሎኝ ነበር። መጀመሪያ የጠየቀኝ ግን የተጠርጣሪው ጠበቃ እርስዎ ነዎት ወይ ብሎ ነው። አይደለሁም አልኩት። አባ ማህተም ከተያዙ ጀምሮ መንግሥት የመደበላቸውን ተከላካይ ጠበቃ አላነጋግርም ብለዋል አለኝ። «ጠበቃ አለኝ፤ ትመጣለች» እያሉ የእኔን ስም ይሰጣሉ። ተከላካዩ በየቀኑ እየመጡ ኮሪደር ላይ ተቀምጠው ይመለሳሉ። እስካሁን ከተጠርጣሪው አንድ ቃል አልሰሙም።

ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት «ቀስ በሉ» በራቸው ላይ ቆመው፣ «የሚጠይቁሽ ሁለት ነገር ነው። ነግረሻቸዋል? አዎ። አምነዋል? አዎ። ሁለት አዎ ብለሽ ነይ፤ ምሳ አብረን እንበላለን» አሉኝ። ሁለቱም አዎ ሐሰት አይደሉም። ድርጅቱ በጽሑፍ የፈቀደልኝም ይህንኑ ብቻ እንድናገር ነው። ስለ ሥራ አስኪያጁ እንድናገር ፈቃድ የለኝም። የደንበኛ ምስጢር ማውጣቴ የጥብቅና ፈቃዴን ሊያስነጥቀኝ እንደሚችል አውቃለሁ፤ በዚህ ጉዳይ ሌሎችን የማማክር እኔ ነኝ። በሁለት አዎ ብመለስ ግን አባ ማህተም ብቻቸውን ይጠየቃሉ፤ ያውም እኔን እየጠበቁ።

ከጠዋቱ 5 ሰዓት ላይ ጽሕፈቱ ተቋረጠ። ያስቋረጥኩት እኔ ነኝ። አባ ማህተም ፍርድ ቤት ከመቅረባቸው በፊት ጠበቃቸው አለመሆኔን ከእኔው አፍ እንዲሰሙ ጠየቅኩ፤ መርማሪው እሱ ባለበት ፈቀደ። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ከተመለስኩ በኋላ የተጻፈ ነው።

አባ ማህተም ያሉት ከዚህ ቢሮ አጠገብ፣ መስታወቱ እስከ ወገቡ ነጭ በተቀባ ክፍል ውስጥ ነው። ስገባ ከወንበራቸው ተነሡ። «መጣሽልኝ? እነዚህን ሰዎች ጠበቃ አለኝ ብላቸው፣ ብላቸው፣ ሽማግሌ ጃጀ ብለው ነው መሰለኝ አልሰማ አሉኝ» አሉ። እጃቸውን ዘረጉ። እጄን አልሰጠኋቸውም፤ ሰላምታም አልሰጠኋቸውም። ቆሜ ነገርኳቸው። የመንግሥት መርማሪ አይደለሁም አልኳቸው። ያንን ሥራ ከተውኩ ስምንት ዓመት ሆኖኛል። ያን ቀን የመጣሁት ለፋብሪካው ነው። የነገሩኝን ፋብሪካው ለመንግሥት ሰጥቶታል፤ የታሰሩት በዚያ ነው። መንግሥት ነኝ ብለው እንዳሰቡ እያወቅኩ ዝም ብያለሁ። የእርስዎ ጠበቃ አይደለሁም። እያንዳንዱን ከጨረስኩ በኋላ ቀጣዩን ከመናገሬ በፊት ጠበቅኳቸው።

አባ ማህተም ተቀመጡ። ወደ መርማሪው አዩ፤ መርማሪው ራሱን ነቀነቀ።

«ስኳር እየጨመርሽልኝ ነው ይኼን ያደረግሽው?» አሉኝ።

«አዎ» አልኳቸው።

«አሁንስ ምን ሆነሽ ነው የመጣሽው?»

«ምስክር ሆኜ ነው።»

«ለኔ ነው በኔ ላይ?»

«ሁለቱም ነው። ወረቀቱን እንደያዙበትና ስለ ቀለሙ ያሉትን ተናግሬያለሁ። ማን እንዳዘዘዎትም ተናግሬያለሁ።»

«የመጀመሪያውን እኔም እናገራለሁ። እሱን ማንም አያስተምረኝም» አሉ። ከዚያ ወደ መርማሪው ዞረው፣ «ያ ቦርሳ የያዘው ሰውዬ አሁንም ኮሪደር ላይ ነው?» ብለው ጠየቁ። አለ ተባሉ። «ጥራልኝ» አሉት። ወደ እኔ ሳያዩ፣ «እርስዎ ይውጡልን። ሰው ከጠበቃው ጋር ሲያወራ ሌላ ሰው አይቀመጥም መሰለኝ» አሉኝ። ወጣሁ።

ተከላካዩ ጎልማሳ ሰው ናቸው። ሲገቡ በሩን በደንብ አልዘጉትም። «እንደምን አደሩ፣ ጤናዎ እንዴት ነው?» ሲሉ ከኮሪደሩ ሰምቻለሁ። አባ ማህተም፣ «ጤናውን ተወው። የማን ነህ?» አሏቸው።

«ጠበቃዎ ነኝ።»

«የማን?»

«የእርስዎ።»

«ድገመው» አሉ አባ ማህተም። ተከላካዩ ደገሙት። ከዚያ መርማሪው በሩን ዘጋው።

የማውቀው ይህ ነው። ቃሌ ተነብቦልኝ፣ እኔም እንደገና ከላይ እስከ ታች አንብቤ፣ የቀነስኩትም የተጨመረብኝም የለም። ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም አልደለለኝም። የተናገርኩት ሐሰት ሆኖ ቢገኝ በሕግ እጠየቃለሁ፤ እውነት ሆኖ ቢገኝም እንደምጠየቅ አውቄ በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ ፈርሜያለሁ።

የተጠናቀቀበት ሰዓት፦ ከቀኑ 6 ሰዓት ከሩብ

የምስክር ፊርማ፦ (ተፈርሟል)
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)
የታዛቢ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)